በባለቤትና በግሥ መሃል

የሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ እንግሊዝኛ ልማር ብላ የተነሳችው ወዳ አልነበረም። የእንግዶች ፎቅ ተቆጣጣሪዋ ጡረታ ልትወጣ ነው፤ ቦታው ለማን እንደሚገባ ደግሞ ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉም ያውቃል። አለቃዋ ግን ከእንግዳ ጋር በእንግሊዝኛ የሚግባባ ሰው ነው የምንፈልገው አላት። የእሷ እንግሊዝኛ ከ«ጉድ ሞርኒንግ» እና ከ«ታወል» አያልፍም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለአዋቂዎች በሚሰጠው ትምህርት ተመዘገበች።

ባሏ አናጢ ነው። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሸኝቷት፣ እስክትወጣ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። በሚቀጥለውም እንደዚያው አደረገ። አስተማሪዋ ገና ወጣት ናት፤ ሰውዬው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ከሱሪው ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ሲለቅም ስታየው አሳዘናት። ወንበር እንደሆነ ሞልቷል፣ ይግቡ አለችው። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ልቆጥር ነው ወይ እያለ ትንሽ አንገራገረና ገባ። ክፍሉ በሌላው ቀን የሕፃናት ስለሆነ ዴስኮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። ጉልበቱን እንደምንም አጥፎ፣ ሚስቱን በግራው አድርጎ ተቀመጠ። በመንገድም በአልጋም እሷ በግራው ናት፤ ከተጋቡ ጀምሮ የለመዱት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ሰሞን በሁለቱ መካከል ነገር ቀዝቅዞ ነበር። ጠብ የለም፣ ኩርፊያም የለም። እሷ የዋለችበትን ታወራለች፣ እሱ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። አንዳንዴ «እህ» ይላል፣ አንዳንዴ ያንንም አይልም። እናቷ ከሞተች በኋላ አንድ እሁድ ጎን ለጎን ጋደም ብለው ሳሉ፣ «ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ» አለችው። እሱ ፊቱን እንኳ ሳያዞር አንሶላውን ወደ ትከሻው ጎተተና እንቅልፉን ቀጠለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ተቋጥሮ ቀረ። ሸሚዙን ትተኩሳለች፣ ምሳውን ትቋጥራለች፣ የልቧን መንገር ግን ትታለች። ለማንም አልነገረችም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ አስተማሪዋ የጊዜ ቃላትን ልታስተምር ተነሳች። «ኦልዌይስ»፣ «ኦፈን»፣ «ሰምታይምስ»፣ «ኔቨር» እያለች ሰሌዳው ላይ ደረደረቻቸው። ድርጊቱ ሁልጊዜ ይሁን አልፎ አልፎ፣ ወይም ጭራሽ አይሁን፣ የሚነግሩን እነዚህ ናቸው አለች። በእኛ ቋንቋ «ሁልጊዜ» ፊት ላይ ብትመጣም፣ መሃል ብትገባም ማንም አይቆጣትም፤ የእንግሊዝኛዎቹ ግን መቀመጫቸው በባለቤትና በግሥ መሃል ነው።

ከኋላ የተቀመጠ ጡረተኛ ሹፌር ጉሮሮውን ጠረገና፣ እኛ ሰፈር በባለቤት መሃል የገባ ሰው መጨረሻው አያምርም፣ ባልም ሚስትም አንድ ላይ ይዞሩበታል አለ። ክፍሉ ሳቀ። አስተማሪዋም ሳቀችና፣ በሉ እንግዲያው ሁላችሁም አጠገባችሁ ስላለው ሰው አንዳንድ ዓረፍተ ነገር አለቻቸው።

አናጢው ተራው ሲደርስ የአስተማሪዋን አፍ ትክ ብሎ እያየ፣ «ማይ ዋይፍ ኦልዌይስ ወርክስ» አለ። ሚስቴ ሁልጊዜ ትሠራለች ማለቱ ነው። ቃሏ መሃል ላይ ቁጭ ብላለች። ጎበዝ ተባለ።

ሚስቱ ቀጠለች። ምን እንደምትል ቀድማ አላሰበችበትም ነበር፤ ግን ስትቆም ያ የተቋጠረው ነገር ራሱ ወደ አፏ መጣ። በሆዷ ያለችው «ባሌ በጭራሽ አይሰማኝም» ነው። እንደ አማርኛው አፍራሽ ቃል ጨምራ፣ «ማይ ሀዝባንድ ኔቨር ዳዝንት ሊስን ቱ ሚ» አለች።

አስተማሪዋ እርሳሷን ጉንጯ ላይ አድርጋ አሰበች። «ኔቨር» ብቻዋን ታፈርሳለች፣ ሌላ አፍራሽ አትፈልግም ብላ አስረዳች። «ዳዝንት» ከተጨመረባት ነገሩ ይገለበጣል። እንዲህ ብለው ሲናገሩ የሚሰማው «ባሌ የማይሰማኝ ጊዜ የለም» ማለት ይሆናል አለቻት።

ክፍሉ አጨበጨበ። ሹፌሩ እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል ብሎ አሽካካ። አናጢውም ሰው ሲስቅ አይቶ ፈገግ አለ። ሴትዮዋ ነገሩን እዚያው ላይ መተው ትችል ነበር። አልተወችውም። እስኪረጋጉ ጠብቃ፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ አስተካከለችው፤

«ማይ ሀዝባንድ ኔቨር ሊስንስ ቱ ሚ።»

አስተማሪዋ ዝቅ ባለ ድምፅ ልክ ነው አለች። አናጢው ግን ፈገግታው ከፊቱ ሳይጠፋ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «ምን አልሽ?» አላት።

የሚቀልድባት መሰላት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ተቀመጠች።

ትምህርቱ ሲያልቅ አናጢው ቀድሞ ወጣ። አስተማሪዋ ሴትዮዋን ወደ መስኮቱ ጠራቻት።

«ዓረፍተ ነገርዎ ምንም አልጎደለውም፤ ኔቨርም ቦታዋን ይዛለች» አለቻት። «ግሡን ግን እርግጠኛ ነዎት?»

«እንዴት ማለት?»

«እኛ ሁለቱንም መስማት እንላለን። እነሱ ጋ ሊስን ማለት ጆሮ ሰጥቶ ማዳመጥ ነው። ድምፁ ጆሮ ሲገባ ደግሞ ሂር ይሉታል። ባለቤትዎ ወደ ሰሌዳው ስዞር የምለው ሁሉ ያመልጣቸዋል። የሚከተሉኝ ከንፈሬን እያዩ ነው። አባቴም እንደዚያ ነበር።»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

እንደ ልማዳቸው እሷ በግራው ሆና ጉዞ ጀመሩ። የጫማ ጠጋኞቹን ሱቆች አለፉ። ከዚያ ሳትዞር፣ በተለመደው ድምፅዋ፣ «ያንን ሳሎን ያለውን ወንበርህን ፈልጬ ማገዶ ላደርገው ነው» አለች። ገና ሲጋቡ የሠራው ወንበር ነው፤ ሰው ሲቀመጥበት እንኳ ደስ አይለውም። አናጢው ፊት ፊቱን እያየ መንገዱን ቀጠለ። ደገመችው። ምንም የለም።

በኋላው ዞራ በቀኙ ሆነች። ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ ያንኑ አለችው።

አናጢው ቀጥ ብሎ ቆመ። «የቱን ወንበር?»

እሷም ቆመች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው። ምኑን ብሎ አልጠየቃትም። እጁን ወደ ግራ ጆሮው ሰደድ አደረገ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው።

አዲሱ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ሥራ ቦታው ከገባ ወዲህ መሆኑን ነገራት። መጀመሪያ ብናኝ የገባ መስሎት ዘይት ጠብ አደረገበት። ቆይቶ ቀኙም መድከም ጀመረ። አናጢው ደንቆሮ ሆነ ከተባለ ማን ሥራ ያመጣልኛል ብሎ ደበቀው። ሲደብቅ ሲደብቅ ከእሷም መደበቅ ለመደ።

«ለእኔ እንኳ?» አለችው። «እኔ እኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር።»

«ምን ቆርጦኝ?»

ያኔ የእሁዷን ነገር ነገረችው። እዚያው መንገድ ዳር፣ በቀኝ ጆሮው፣ ያችኑ ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ አለችው። አናጢው ሰምቶ ሲጨርስ እጇን ያዘ። አጠገባቸው አላፊ አግዳሚው እየተጋፋ ያልፋል።

«አልሰማሁሽም» አለ። ደግሞም፣ «ብሰማሽ ኖሮ አልተኛም ነበር» አለ።

አመነችው። ንዴቷ ግን ወዲያው አልለቀቃትም፤ ያን ሁሉ ጊዜ ያለ ጥፋቷ መጎዳቷ አንገበገባት። ያንንም ነገረችው። ቤት እስኪደርሱ በቀኙ ሆና ስትወቅሰው፣ እሱም አንገቱን ወደ እሷ ዘንበል አድርጎ ሲሰማት ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይዛው ሄደች። የግራው አይመለስም ተባለ፤ ለቀኙ ማዳመጫ መሣሪያ ተሰጠው። ለብዙ ቀን ነገሩን እንደ ቅጣት ቆጠረው። ቧንቧው ሲንጠባጠብ ሰምቶ ይሄ ነገር እስከ ዛሬ እንዲህ ይጮህ ነበር ወይ እያለ ይገረማል። የራሱ ማሽን ግን አስደነገጠው፤ ጆሮ መሸፈኛ ገዝቶ አብረውት የሚሠሩት ሁለት ሠራተኞችም እንዲያደርጉ አስገደደ። ቅዳሜ ቅዳሜም መማሩን አልተወም።

እሷም ለሆቴሉ ፈተና ተቀምጣ የፎቁን ቦታ አገኘች። እንግዳ ሲያስቸግርሽ ትናደጃለሽ ወይ ብለው ቢጠይቋት በጭራሽ ማለት አሳፈራት፤ «አይ ሰምታይምስ ጌት አንግሪ»፣ አንዳንዴማ እናደዳለሁ ብላ እውነቱን መለሰች። ጠያቂዎቹ ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

የቸገራት ሌላ ነው። በእነዚያ ዝምታ በወረሳቸው ወራት ዕቃ ስታጥብ ለብቻዋ ማጉረምረም ለምዳ ነበር። አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ሆና፣ እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ፣ ሰውዬው ጫማውን እንደ ሕፃን መሃል ቤት ጥሎ ይሄዳል፣ እናቱ አሞላቅቃ አሳድጋው ነው እያለች ታጉተመትማለች።

«እናቴን ተያት» አለ አናጢው ከሳሎን። «ጫማውን አንስቻለሁ።»

ሳህኑ ከእጇ ሊያመልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ ማማት ስትፈልግ ወደ ጓሮ ትወጣለች።