የዶን ኤስታኒስላኦ ሽንት

ስለ ሽንት ሳወራ የሚስቅብኝ ሰው ያናድደኛል። የፓራጓይ ዋና ከተማ አሱንሲዮን ውስጥ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። በየሰዓቱ የሽንት ከረጢቱን አያለሁ፣ መጠኑን እጽፋለሁ። ኩላሊት መሥራት አለመሥራቱን የሚነግረን እሱ ነው።

የዶን ኤስታኒስላኦ ከረጢት ግን ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ነው። ሳንባቸው ታሞ በመሣሪያ የሚተነፍሱ ሽማግሌ ናቸው። ዶክተር ኦካምፖስ ቴሬሬ የሚሉትን ቀዝቃዛ ሻይ የሚጠጣበትን የቀንድ ዋንጫ በር ላይ አስቀምጦ ገባና ወረቀቴን አየ።

"ኩላሊታቸው ሥራ አቁሟል። አንገታቸው ላይ ቱቦ አስገብተን የኩላሊት እጥበት እንጀምር።"

"ልባቸው አይችለውም እኮ! እጥበቱ ላይ ቢሞቱብንስ?"

"ምን ላድርግ ኔሊዳ? ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠብታ የለም!"

ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ከረጢቱን ጠጋ ብዬ ሳየው ውስጡ እርጥብ ነው። ነርስ ስለማይበቃን ሚስታቸውን ዶኛ ፔርፔቱዋን አጠገባቸው አስቀምጠናል። መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ጠበቅሁ። እማማ ግራ ቀኝ አዩ፣ ጎንበስ አሉ፣ ከረጢቱን ከፍተው ባልዲ ውስጥ አንቆረቆሩት! ባልዲውን በጨርቅ ሸፍነው ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሉ ያዝኳቸው።

"እማማ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ቀስ በይ ልጄ፣ ሰው ይሰማል። ጎረቤቶቻችን ሊጠይቁት እየመጡ ነው። አርባ ሦስት ዓመት እንግዳ ቤቴ ገብቶ ቆሻሻ አይቶ አያውቅም። ዛሬ የባሌ ሽንት ተንጠልጥሎ ይዩት?"

"ስንቴ ደፉት?"

"በየሰዓቱ ነዋ! አንቺ ልታዪ ከመምጣትሽ በፊት። አንቺንም አፍሬሽ ነው።"

ፀጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝ። "በዚህ ንጽሕናዎ ሰውዬውን ሊገድሏቸው ነበር!" ብዬ ጮህኩባቸው። ወዲያው ጸጸተኝ። እማማ ፊታቸው ዐመድ መሰለ፤ ባልዲው ከእጃቸው ሊያመልጥ ሲል ቀለብኩት። ስለካው ዘጠና ሚሊ ሊትር ሆነ፤ ለአንድ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው።

ዶክተሩ ጓንቱን አጥልቆ ቱቦውን ይዟል። "ቆይ!" ብዬ ባልዲውን አፍንጫው ሥር ደቀንኩለት። አየኝ፣ ባልዲውን አየ፣ ሚስትየዋን አየ።

"እግዚአብሔር ይይልዎ እማማ" አለ ጓንቱን እያወለቀ። "በሉ ቱቦው ይቅር። እስከ ማታ እንለካ።"

ዶኛ ፔርፔቱዋ ወንበራቸውን ስበው ከረጢቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዓይናቸውን ከሽንት ቱቦው አልነቀሉም። ጎረቤቶቹ አበባ ይዘው ግር ብለው ሲገቡ ዞር ብለው እንኳ አላዩአቸውም። እጃቸውን ብቻ ወደ ኋላ አወናጨፉ፤ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል።

"ዝም በሉ!" አሉ። "እየሸና ነው!"