የማያውለበልበው ሰው

"አቁሙ! አቁሙ!" አለ ዴንዚል ክራውዘር ማይክሮፎኑን ከአፉ አርቆ። ከበሮው ቀጥ አለ፤ ጊታሩ ግን እንዳልሰማ ሰው ትንሽ ሄዶ ነው የቆመው። አዝማቹ ሊደርስ አንድ ስንኝ ቀርቶት ነበር። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ካሜራ ሲተክሉ የነበሩት ሠራተኞች ቀና ብለው አዩት።

ሥራ አስኪያጁ ራስል ከመድረኩ ሥር መጣ። "ምነው ጌታዬ? ድምፅህ እኮ ማለፊያ ነበር።"

"ይሄን ዘፈን ሀል ከተማ ላይ አልዘፍንም አልኩህ። ስንቴ ልንገርህ?"

"የፈለግከውን ያህል ንገረኝ። ሕዝቡ ትኬት የገዛው ለየትኛው ዘፈን መሰለህ? በዓለም ዙሪያ ስትዘፍነው ኖረህ፣ እትብትህ የተቀበረበት ከተማ ስትደርስ ነው ጉሮሮህ የሚዘጋው? የመጨረሻ ኮንሰርትህ ነው፣ አልበም ሆኖ ይወጣል፣ እየተቀረፀ ነው። ያ ሁሉ ሰው እጁን ሲያውለበልብ ካልታየ ምኑን አልበም ሆነ?"

ዴንዚል ማይክሮፎኑን ማቆሚያው ላይ መለሰው። የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ወርዶ ወደ መልበሻ ክፍሉ ሄደ።

ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። ካወጣቸው አልበሞች አንዳንዶቹን ራሱም ረስቷቸዋል። አዋቂ ነን ባዮች "ጨውና ዝገት" የተሰኘውን ያወድሱለታል፤ ሚስቱ ደግሞ ማንም ያልገዛውን "የሰኞ ሰዎች" ትወድ ነበር። በሠርግ፣ በኳስ ሜዳና በቀብር የሚዘፈነው ግን ያው አንዱ ነው፦ "ከወደቡ አውለብልቢልኝ"። ግጥሙን የጻፈው ባሕርን በበጋ ሽርሽር፣ ያውም እስከ ቁርጭምጭሚቱ ብቻ የሚያውቅ የለንደን ሰው ነው። እዚህ በእንግሊዟ ወደብ በሀል፣ ዴንዚል በተወለደበት ሄስል ጎዳና ግን የዓሣ አጥማጅ ሚስትም ሆነች ልጅ ወደብ ድረስ ወርዳ አትሸኝም። መርከቡ በሚወጣበት ቀን ልብስ አታጥብም፣ እጇንም አታውለበልብም፤ ካውለበለበች ለውኃው ሰጠችው ማለት ነው። ዴንዚል ይህን የሚያውቀው ገና ድክ ድክ ሲል ጀምሮ ነው። ግጥሙ ሲሰጠው ግን ወጣት ነበር፣ ዝና አማረውና "ዘፈን አይደል እንዴ?" ብሎ ዘፈነው። ዘፈኑ ከሁሉ በላይ በተሰማበት ክረምት አባቱ ወደ አይስላንድ ባሕር ሄደ። መርከቡም ሰውም አልተመለሰም፤ የሚቀበር ሬሳም አልተገኘም።

የማያውለበልበውን ሰው መጀመሪያ ያየው ከዚያ በኋላ፣ ሃምቡርግ ላይ ነበር። አዝማቹ ሲደርስ ሕዝቡ እንደ ገብስ ማሳ ይወዛወዛል፤ ከኋላ፣ ከመውጫው በር መብራት ሥር ግን አንድ ትከሻው ሰፊ ባለቆብ ሰው ሁለት እጁን ወደ ታች አድርጎ ቆሟል። ዘበኛ መሰለው። ከዚያ ግላስጎው ላይ አየው፤ ከዚያም ኦሳካ። ሐኪም ቤት ቢሄድ "የመድረክ መብራት ነው" ብለው መነጽር ሰጡት። በመነጽሩ ሰውየው ይበልጥ ጠርቶ ታየው። የተቆጣ ፊት ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ፊቱ ግን አንድ ነገር እንዲነገረው የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። ዴንዚል ለማንም አልተናገረም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። በሰው አገር እንደምንም ቻለው። እዚህ፣ በገዛ ከተማው ግን በሩን ትቶ ወደ ፊት የሚመጣ እየመሰለው ይፈራል።

የክፍሉ በር ተንኳኳና ታላቅ እህቱ ኢኒድ ገባች። በወረቀት የተጠቀለለ ጥብስ ዓሣና ድንች ይዛለች፤ የኮምጣጤው ሽታ ቀድሟት ገባ። ዕድሜዋን በሙሉ ዓሣ ስትበልት ስለኖረች ጣቶቿ ተቆልምመዋል። የወንድሟን ኮንሰርት አንድም ቀን አይታ አታውቅም።

"ብላ! ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከሳኸው? ለንደን ምግብ አይሸጥም እንዴ?"

"ምን አመጣሽ ኢኒድ?"

"እሰይ! ደህና ዋልሽ ወይ ማለትም ቀረ? የመጨረሻው ነው ሲሉ ሰማኋ። ሳልሞት ልየው ብዬ ነው።"

"ያንን ዘፈን አትዝፈን ልትይኝ ከሆነ አትልፊ። ትቼዋለሁ።"

"ማን ተው አለህ?"

"እማማ እስክትሞት ድረስ ሬዲዮ ቤት አላስገባችም። እኔ አላውቅም መሰለሽ? አባባን የበላው ዘፈኔ ነው።"

ኢኒድ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "አንተ ደግሞ፣ የዓለም ነገር ሁሉ ካንተ ካልተነሣ አይሆንልህም። ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲሁ ነህ።" ሳቅ አለች፤ ሳቁ ግን ፊቷ ላይ አልቆየም። "እኔ ነኝ ዴኒ።"

"ምኑን?"

"የዚያን ዕለት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ወደቡ ዳር ባለው ቡና ቤት ውስጥ ያንተ ዘፈን ከፍ ተደርጎ ተከፍቷል። ወንድሜ እኮ ነው! ኩራቱ ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ። ቀና ስል መርከባቸው እየወጣ ነው፤ አባባ ጫፉ ላይ ቆሟል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እየዘፈንኩ አውለበለብኩለት።"

ዴንዚል ድንቹን ወረቀቱ ላይ መለሰው። "አባባ አየሽ?"

"አየኝ እንጂ።"

"እሱስ አውለበለበልሽ?"

"የለም። ሁለት እጁን ወደ ታች አድርጎ ዝም ብሎ አየኝ። እስኪርቅ ድረስ እንደዚያው ነበር። ለእማማም አልነገርኳት፣ ለባሌም አልነገርኩት።"

ዴንዚል ያንን አቋቋም ያውቀዋል። ስለ በሩ ሰውዬ እጆች ነፍስ ላለው ሰው ተናግሮ አያውቅም። አሁን ግን ሁሉንም ነገራት፤ የበሩን መብራት፣ ቆቡን፣ መነጽሩን። እብድ ነህ ትለኛለች ብሎ ነበር፤ አላለችም። እጇን አፏ ላይ ጭና ሰማችው።

"ተቆጥቷል?" አለች በመጨረሻ።

"አልተቆጣም።"

"ይሄን ሁሉ ዘመን እንዲህ ነው የቆመው? ያ ሁሉ ሰው እያውለበለበ፣ እሱ ብቻውን?"

"አዎ፣ ብቻውን።"

ኢኒድ አለቀሰች። ዴንዚልም አላባበላትም፤ እሱም አብሯት አለቀሰ።

ማታ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ራስል የተስፋ መቁረጥ ፊት ይዞ ከመጋረጃው ጥግ ቆሞ ሳለ፣ ዴንዚል ወደ ጊታሪስቱ ዞሮ "እሱን" አለው። የመጀመሪያው ምት ሲሰማ ሕዝቡ ጮኸ። ካሜራዎቹ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። አዝማቹ ሊደርስ ሲል እጆች መነሣት ጀመሩ፤ ከፊት የተቀመጡት የሄስል ጎዳና አሮጊቶች ብቻ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈዋል። ዴንዚልን ከበደው። ወደ በሩ ሳያይ ሙዚቃውን በእጁ ምልክት አስቆመ።

"ቤታችን ነን እኮ" አለ በማይክሮፎኑ። "እዚህ ከተማ ለሚወዱት ሰው አያውለበልቡለትም። እናቶቻችሁን ጠይቁ። እባካችሁ፣ እጃችሁን አውርዱልኝ።"

ራስል ከጥግ ሆኖ "ኧረ ተው!" እያለ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሣ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ግን አንዱ ሲያወርድ ሌላው እያየ እጆች ሁሉ ወረዱ፤ ተቀምጠው የነበሩትም ተነሥተው ቆሙ። የኢኒድም ነጭ ጸጉር ከሰገነቱ ላይ ይታያል።

ያኔ ዴንዚል መነጽሩን አስተካክሎ ወደ መውጫው መብራት ተመለከተ። እዚያም ሰው ነበር፣ ከጎኑም፣ ከኋላውም። ሁሉም ሁለት እጃቸውን ወደ ታች አድርገው ቆመው ያዩታል። አባቱ የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻለም።

መፈለጉን ተወና አዝማቹን ጀመረ።