አንድ ጣት ወደ ቀኝ

ቅዳሜ ጠዋት፣ መኪኖቻቸውን ለመልክ ዝቅ የሚያስደርጉ ሰዎች ክለብ ጋራዥ ውስጥ፣ ሊቀመንበሩ ሐቦ ከወንበሩ ተነሣ፤ ጉሮሮውን ጠረገና የራሱ መኪና ቀኝ ጎን ከግራው በአንድ ጣት ዝቅ ማለቱን በታላቅ ክብር ለአባላቱ አስታወቀ።

አባላቱ ሦስት ነበሩ፤ ኤኖ፣ ጌርትና ፍራውኬ። ማንም አላጨበጨበም። ፍራውኬ ትኩስ ሻይ ቀድታ እንደ ድንጋይ የጠጠረው ስኳር ጽዋው ውስጥ ሲሰነጠቅ ታዳምጥ ነበር።

«ይህም የሆነው መኪናውን ከጎማው በላይ የሚሸከመውን ሾካ በገጠሙት በአቶ ኤኖ ያንሰን እጅ ነው» ሲል ቀጠለ ሐቦ። «እርስዎ ምን ይላሉ?»

እርስዎ! የኤኖ ደም ፈላ። ከዚህ ሰው ጋር ከአንድ ድስት ጎመንና ቋሊማ በልቷል። የሐቦ መኪና ቦይ ውስጥ የገባ ጊዜ ጎትቶ ያወጣው ኤኖ ነው። በእነሱ መንደር ዕድሜ ልክ አንተ ያሉትን ሰው መልሶ አንቱ ማለት በር ፊቱ ላይ ከመዝጋት ይብሳል።

«አንቱ አትበለኝ ሐቦ! ስድብ ካለህ ስደበኝ፣ በደህና ቋንቋ ስደበኝ!»

ሐቦ እንዳልሰማ ሆኖ ቀጥሎ የሚሆነውን ዘረዘረ። ድምፅ ለመስጠት እጅ ይነሣል፤ ከተፈረደበት ኤኖ ቀበቶው ላይ የሚያንጠለጥለውን የክለቡን የሾካ ማዞሪያ መንጠቆ ቁልፍ አስረክቦ ይወጣል። ያ ቁልፍ ከእጁ ከወጣ መኪናውን ዝቅ ማስደረግ የፈለገ ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ይሄዳል። ኤኖ ደግሞ በመንደሩ የሚታወቅበት ሌላ ነገር የለውም። መልክ እንኳ አልታደለም።

ኤኖ ሥራውን እንዴት እንደሠራው ሐቦም ሌሎቹም ያውቃሉ፤ ከብበውት ቆመው ነበር። የነዚህ ሾካዎች ገላ እንደ ብሎን ጥርስ አለው፤ ሞላው የተቀመጠበትን ቀለበት በመንጠቆው ቁልፍ ወደ ታች ሲያዞሩት መኪናው ይወርዳል፣ ወደ ላይ ሲያዞሩት ይነሣል። ኤኖ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ቀለበቱን በጥቂት በጥቂቱ አዞረ። በሾፌሩ ወንበር ላይ የሐቦን ክብደት የሚያህል ድንች በጆንያ አስቀመጠ። ከክሪክ ካወረደው በኋላ ሞላው ቦታውን እንዲይዝ መኪናውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋው። በመጨረሻም ከግራው ሾካ ራስ እስከ ቀኙ ሾካ ራስ ውሃ ልክ አጋደመ። አረፋዋ መሐል ለመሐል ቆመች። «እንደ ባሕር የተስተካከለ!» ብሎ ጀርባውን የመታው ሐቦ ራሱ ነበር።

ከዚያ መኪናው መንገድ ላይ ወጣና ወደ ቀኝ አጋደለ።

«ድንቹ ሳይከብድ አይቀርም» አለ ጌርት። «ሐቦ እኮ ከገና ወዲህ ከስቷል።»

«አንተ ዝም በል! ያንተስ ወደ ቀኝ አያጋድልም?» አለ ኤኖ።

«የኔ ከመንገዱ ነው። መንገዱ ወደ ቦዩ ያዘነብላል።»

«የፍራውኬስ?»

«የኔማ ባሌ ነው» አለች ፍራውኬ። «በቀኝ በኩል የሚቀመጠው እሱ ነው። ታውቀው የለ?»

«ባልሽ ዛሬ ቤቱ ተኝቷል! መኪናሽ ደጅ ባዶውን ቆሞ አጋድሏል!»

«ለምዶበት ነው» አለች፤ ሻይዋን ፉት አለች።

ኤኖ ስለ ራሱ መኪና አላነሣም። መኪናውም ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ ለሚጠይቀው ሁሉ ከቀኙ ወንበር ሥር ያለው የመሣሪያ ሣጥን ነው ይላል። ሣጥኑ ግን ከባለፈው ክረምት ጀምሮ ቤት ነው። አሁን ግን ንዴቱ ከልኩ አለፈ።

«ሁሉንም የሠራሁት እኔ ነኝ! ሁሉንም እዚሁ፣ በዚሁ ወለል ላይ!»

ሐቦ ግንበኛ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ የደወል ማማ እንኳ ወደ ጎረቤት መንደር አንገቱን ባሰገገበት ረግረጋም አገር፣ ይህን ወለል በገዛ እጁ ሲሚንቶ አፍስሶ ሠርቶታል። በሩ ላይ «እንደ ባሕር ልክ» የሚል የናስ ሰሌዳ አስቀርጿል፤ በየዓመቱም ለወለሉ ክብር ቢራ ይጠጣል። ስለ ወለሉ ክፉ ተናግሮ የሚያውቅ ሰው የለም።

«ወለሉን ነው ያልከው?» የሐቦ ድምፅ ቀጠነ። አንቱታው በዚህ ቀረ። «አገሩ በሙሉ ቢሰምጥ እሱ ንቅንቅ አይልም! ጅል! ሥራህን አበላሽተህ በሲሚንቶዬ ታሳብባለህ? በሉ፣ እጅ ይነሣ!»

ጌርት እጁን አነሣ። ፍራውኬ ጽዋዋን እያየች አነሣች። ሐቦ ከሁሉም አስበልጦ፣ ጣሪያውን ሊነካ እስኪደርስ አነሣ።

«ውሰዱት!» ኤኖ ቁልፉን ከቀበቶው ፈልቅቆ ጠረጴዛውን መታበት። «ውሰዱትና ስቀሉት!»

ጠረጴዛው ተናወጠ፤ የሐቦ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ወደቀ። አልተሰበረም። ወለሉ ላይ ተጋደመና፣ ማንም ሳይነካው፣ መኪኖቹ ሲሠሩ በግራቸው ወደሚሆነው ግድግዳ መንከባለል ጀመረ።

አልተቻኮለም። ጌርት እጁን ሳያወርድ፣ ወደ ታችም ሳያይ፣ እግሩን ከፍ አደረገለት፤ ጠርሙሱ አለፈ። ፍራውኬ ሻይዋን ሳታቋርጥ የሷን አነሣችለት። ሐቦም በንዴት በቀላ ፊቱ ኤኖ ላይ እንዳፈጠጠ፣ ጫማውን አንሥቶ አሳለፈው። ጠርሙሱ ከግድግዳው ሥር ሐቦ ራሱ ድሮ በምስማር ከመታው፣ ዕቃ እንዳይሰበር አሮጌ ምንጣፍ ካለበሰው ጣውላ ጋር ለስለስ ብሎ ተጋጨና እዚያ ከተከማቹት ብሎኖች፣ ቆርኪዎችና እርሳሶች አጠገብ ዐረፈ።

እጆቹ እንደተነሡ ቀሩ። የሚቆጥራቸው ጠፋ።

ኤኖ ወደ ታች ተመለከተ። ለጠርሙሱ ያነሣው የገዛ እግሩም ገና መሬት አልነካም ነበር።