አርባዎቹ ቀበቶዎች

የተበጠሰው ቀበቶ ወደ ሱቁ የተመለሰው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ባለቤቱ ዊም በላስቲክ ከረጢት ይዞት ገባና ኤልፍነሽ የምትሰፋበት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው።

«ስፌትሽ ለቋል» አላት። «ሰውዬው ሃንጋሪ ጫካ ውስጥ ከዛፍ ወድቆ ወገቡ ተሰብሯል። እግሮቹን አያንቀሳቅስም።»

ኤልፍነሽ የስፌት መኪናዋን አጠፋች። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ስፌትሽ ለቀቀ ያላት ሰው አልነበረም። ዊምም መልስ አልጠበቀም፤ ስልኩ ጮኸና እያወራ ወጣ።

ሱቁ ሮተርዳም ውስጥ፣ ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ፣ በቀስት ለሚያድኑ ሰዎች ዕቃ የሚሸጥ ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ በቀስት ማደን ክልክል ስለሆነ ደንበኞቹ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ወደ ሃንጋሪና ወደ ፈረንሳይ ይሄዳሉ። እዚያ ዛፍ ላይ ትንሽ ማማ ይሰቅላሉ፤ አገር ቤት ሰብል ጠባቂ እንደሚሠራት ያለች፣ ግን ከብረት የተሠራች፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ። ከርከሮው ወይም አጋዘኑ ከሥራቸው እስኪያልፍ እዚያ ላይ ለሰዓታት ይቀመጣሉ። እንቅልፍ ያዳፋል፣ እግር ይደነዝዛል፣ ዝናብ የነካው ብረት ያዳልጣል። ስለዚህ ትከሻን፣ ደረትንና ጭንን ይዞ ሰውን ከግንዱ ጋር የሚያስር ቀበቶ ያስፈልጋቸዋል።

የኤልፍነሽ ሥራ ቦርሳና ማንገቻ መጠገን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሌላ ሥራ ነበራት። በሱቁ ጓሮ ካለው ትልቅ ዛፍ ላይ በመሰላል እየወጣች ቀበቶው እንዴት እንደሚታሰር ለደንበኞች ታሳያለች። መጀመሪያ ከፍታው ያስፈራት ነበር፤ ኋላ ግን ለመደችው፣ እንዲያውም ወደደችው። «ገመዱን ከመሬት ሳትነሱ እሰሩት፣ መሬት ሳትረግጡ አትፍቱት» ትላቸዋለች በተሰባበረ ደችኛዋ። «ብዙ ሰው የሚወድቀው ሲወጣና ሲወርድ ነው። ቀስታችሁን ይዛችሁ አትውጡ፤ ላይ ደርሳችሁ በገመድ ጎትቱት። ከወደቃችሁና ከተንጠለጠላችሁ ደግሞ እግራችሁን የምትረግጡባትን ማሰሪያ ቶሎ ዘርጉ፤ ዝም ብሎ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ይቀራል።» ይህን ብላ ከማማው ጠርዝ ራሷን ትለቃለች። አርባ ስምንት ዓመት የሞላት ቀጭን ሴት አየር ላይ ስትወዛወዝ ሲያዩ እነዚያ ግዙፍ ሰዎች ጸጥ ይላሉ።

ከረጢቱ ውስጥ በነበረው ወረቀት ላይ ስሙን ስታነብ ሰውየውን አስታወሰችው። ያፕ ይባላል፣ ጡረታ የወጣ የሄግ ትራም ሹፌር። ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ እንድታሳየው የጠየቃት እሱ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ሲስቁበት እንኳ አላፈረም።

ቀበቶውን መስኮቱ ጋ ወስዳ በጣቷ ዳሰሰችው። ስፌቷ አንዲት ክር አልፈታም። የተበጠሰው ከስፌቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ራሱ ጠፍሩ ነው፤ ጫፉ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተንጨፍሯል። ገለበጠችው። የተሠራበትን ዓመት የሚናገረው ሌብል የዘንድሮ ነው። በሌብሉ ጠርዝ ግን የሌላ መርፌ ቀዳዳዎች በሰልፍ ተደርድረዋል። በጥፍሯ ገለጥ ስታደርገው ከሥሩ ያለው ጠፍር ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ የቀረው ሁሉ ፀሐይ በልቶት ገርጥቷል።

ያን ጊዜ ደሟ ፈላ። ሌብሉን የሰፋችው እሷ ነበረች።

ሚያዝያ ላይ ቃልአብ አንድ ካርቶን አምጥቶላት ነበር። ቃልአብ የሱቁ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ አምስተርዳም አጠገብ፣ ዲመን ባለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ የጸሎት መሪ ነው፤ ሥራውንም ያስገኘላት እሱ ነው። «እህት ኤልፍነሽ፣ የእነዚህ ሌብል ደብዝዟል። ፋብሪካው ፈትሾ አዲስ ልኳል፤ እየፈታሽ ቀይሪ» አላት። አርባ ነበሩ። ያን ጊዜም ከሌብሉ ሥር ያለውን ጥቁር አረንጓዴ አይታዋለች። አይታ፣ አንድ ጊዜ መርፌዋን አቁማ፣ ወንድሜ ካለ ብላ ቀጥላለች።

ቢሮው ድረስ ሄደች። በሩን አላንኳኳችም።

«ወንድም ቃልአብ፣ ሚያዝያ ላይ ያመጣህልኝ ካርቶን ከየት የመጣ ነው?»

«የቱ ካርቶን?»

«አርባ ቀበቶ የነበረበት።»

ቃልአብ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አላነሳም። «የኪራይ ዕቃ ነበሩ። ዊም ገና ያገለግላሉ ብሎኛል።»

«ስንት ዓመት የተከራዩ?»

«እኔ እንጃ። ሰባት፣ ስምንት።»

«ፋብሪካው ፈትሿቸዋል ያልከኝስ?»

ቃልአብ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣና ወደ እሷ ገፋው። «እህት ኤልፍነሽ፣ ቁጭ በይ። ይሄ የኢንሹራንሱ ወረቀት ነው። ሲጠገን ስፌቱ በደንብ አልተቆለፈም ነው የሚለው፣ ሌላ ነገር የለውም። አንቺን የሚከስሽ የለም። ሱቁ ከተዘጋ ግን የስድስት ሰው እንጀራ ይዘጋል። ፈርሚው፣ ሰውየውን በጸሎት እንይዘዋለን።»

«በጸሎት የምትይዙት ከወደቀ በኋላ ነው?» አለችው። ድምጿ አልጨመረም፤ ከንፈሯ ግን ነጭ ሆኖ ነበር። «ሲወጣ የሚይዘው ቀበቶ ነበር፤ እሱን አበሰበሳችሁበት። በእኔ እጅ አሰፋችሁት። አሁን ደግሞ በእኔ እጅ ልታስፈርሙበት ነው?»

«ተረጋጊ እንጂ።»

«ስንቱ ተሸጠ?»

«አስራ ሰባት።»

«ሃያ ሦስቱስ?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች፤ የት እንዳሉ ታውቃለችና። ከፊት ለፊት፣ መስታወቱ ጋ፣ ለወቅቱ ገበያ ተሰቅለዋል። መስከረም ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። አንድ ደንበኛ እንዲያውም አንዱን አውርዶ በትከሻው እየለካ ነበር። ኤልፍነሽ ከእጁ ወሰደችበትና ትልቁን መቀሷን ከሽርጧ ኪስ አወጣች።

የመጀመሪያውን ከትከሻው ላይ ቆረጠችው። ከዚያ የጭኑን። ከዚያ ሁለተኛውን ከመስቀያው አወረደች። ደንበኛው ወደኋላ አፈገፈገ። ሁለቱ ሻጮች ቆመው ያያሉ፤ የሚጠጋት የለም። ቃልአብ ከቢሮው በር ላይ ሆኖ «እህት ኤልፍነሽ፣ እህት ኤልፍነሽ» ይላል፣ ሌላ ቃል የጠፋበት ይመስል። ጠፍሩ አሮጌ ስለነበር መቀሱ ብዙም አልታገለም፤ እሱም ራሱ አንጀቷን አቃጠለው። አዲስ ቢሆን ኖሮ እጇ በዛለ ነበር። ሃያ አንዱን ቆርጣ ስትጨርስ ሁለቱን ሳትነካ በክንዷ አንጠልጥላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ዊም ተመልሶ ወለሉ ላይ የተከመረውን ሲያይ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «አብደሻል። ፖሊስ እጠራለሁ።»

«ጥራ» አለችው። «እኔም ፖሊሱን እየጠበቅሁ ነው።»

ጠራም። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ፖሊስ መጡ። ኤልፍነሽ ከያዘቻቸው ከሁለቱ አንዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ሌብሉን ፈታችና ከሥሩ ያለውን ቀለም አሳየቻቸው። ሴትዮዋ ፖሊስ ጎንበስ ብላ አየች፣ ጣቷን ጠፍሩ ላይ አሳለፈች፣ ከዚያ ቀና ብላ ዊምን አየችው።

«ይህንን ሌብል ማን ነው የሰፋው?» ስትል ጠየቀች።

«እኔ ነኝ» አለች ኤልፍነሽ። «አርባውንም። ጻፊው።»

በዚያው ቀን ተባረረች። ወደ ቤቷ፣ ወደ ሄግ፣ በሚወስዳት ባቡር ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩን ሲያይ እሷ ጉልበቷ ላይ ያረፉትን እጆቿን ታይ ነበር። ያናደዳት ዊም ብቻ አልነበረም። ዊምን መቼም አላመነችውም። ያናደዳት ያች ሚያዝያ ላይ መርፌዋን አቁማ እንደገና የቀጠለችው ሴት ነበረች።

ልጇ ሩሐማ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ነገሩን ስትሰማ አስቀድማ ቁጣዋ የመጣው በእናቷ ላይ ነው። «እማ፣ ዋሮም፣ ለምን መጀመሪያውኑ ለእኔ አልነገርሽኝም? ኢሜይል ልከሽ ፋብሪካውን መጠየቅ ትችይ ነበር።»

«አምኜው ነዋ።»

«ማመን እኮ ፍተሻ አይደለም።»

ኤልፍነሽ ስልኳን አውጥታ ያነሳችውን የሌብሉን ፎቶ ሰጠቻት። ልጅቷም ከዚያ በላይ አልገፋችም፤ ኮምፒውተሯን ከፍታ ጻፈች። የሌብሉን ፎቶና ቁጥሩን አያይዛ፣ ይህን ቀበቶ የገዛችሁ ዛፍ ላይ እንዳትወጡበት የሚል ማስጠንቀቂያ ቀስተኞቹ በሚነጋገሩባቸው ገጾች ሁሉ ለጠፈችው። አንዳንዱ የተባረረች ሠራተኛ ቂም ነው ብሎ ጻፈባቸው። አንዱ ግን የራሱን ቀበቶ ሌብል ፈትቶ ፎቶ አነሳና ከሥሩ ያለውን ጥቁር አረንጓዴ ለጠፈ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ቆመ። ተቆጣጣሪዎች ሱቁን አሸጉት፤ ቀበቶዎቹም እንዲሰበሰቡ ታዘዘ። ከያፕ ሌላ ከተሸጡት አስራ ስድስቱ አስራ አራቱ ተመለሱ። ሁለቱን ማን እንደገዛቸው የሚያውቅ አልነበረም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ኤልፍነሽ ያፕ ወደተኛበት የማገገሚያ ሆስፒታል ሄደች፣ አምስተርዳም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ በመስኮቱ ትይዩ ተቀምጦ ነበር። አወቃት።

«ከመሬት ሳልነሳ አሰርሁ» አላት ሰላምታም ሳይሰጣት። «ቀስቴን በገመድ ጎተትሁ። ሦስት ጊዜ ጠይቄሽ ያልሽውን ሁሉ አደረግሁ።»

«አውቃለሁ። እርስዎ ምንም አላጠፉም። ሌብሉን የቀየርኩት እኔ ነኝ። አሮጌ እንደሆነ ልጠረጥር ይገባኝ ነበር፤ ጠርጥሬም ዝም አልሁ።»

ያፕ ይቅርታ እንድትለምነው የጠበቀ ይመስል ነበር፤ እሷ ግን አልለመነችም።

«ሂጂ» አላት በመጨረሻ። «አሁን ሂጂ።»

ሄደች። ከወራት በኋላ ለፍርድ ቤቱ ግን ለፖሊሶቹ የተናገረችውን ሁሉ ቃል በቃል ደገመችው፣ የራሷንም ጥፋት ሳትቀንስ። እሷ የማስጠንቀቂያ ቅጣት ሲወሰንባት ዊም ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ ዕቃ እንዳይሸጥ ተከለከለ፤ ለያፕም ካሳ ተፈረደለት። ያፕ እግሩን አላገኘም።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነገሩ ሰዉን ለሁለት ከፈለ። ከቃልአብ ጋር ሥራቸውን ያጡት ሁለት ቤተሰቦች ሰላምታ ከለከሏት። አበባይሽ የምትባል የመዘምራኑ መሪ በሁሉ ፊት «ወንድምን አሳልፎ መስጠት ከየት የተማርነው ነው?» አለቻት። ኤልፍነሽ «ከዛፍ ላይ ከሚወድቀው ሰው» ብላት ካፖርቷን አነሳች።

በኅዳር መጨረሻ ቃልአብ የሄግ የባሕር ዳር ሰፈር ወደሆነችው ስኬቨኒንገን መጣ። ኤልፍነሽ ወደቡ አጠገብ የመርከብ ሸራ በሚሰፋበት ቤት ሥራ አግኝታ ነበር። በር ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ከስቷል።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ያፕ ዘንድ ሄደሃል?»

«ሄጄ ምን እለዋለሁ?»

«እኔ ያልኩትን።»

«እጸልይለታለሁ፣ በየቀኑ።»

«ጸልይ። ስልክም ግን አንሳ። ሁለት ቀበቶ የሆነ ዛፍ ላይ አለ። የሸጥካቸው አንተ ነህ። ማን እንደገዛ እስክታስታውስ ድረስ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው ነገር የለህም።»

ቃልአብ ወደ ትራሙ ሄደ። እሷም የሚደውል አልመሰላትም፤ ነገር ግን ደወለ። ለቀስት ክበቦች፣ ለአዳኝ ማኅበራት፣ ቤልጂየም ላሉ ሱቆች። ሰባት ሳምንት ደወለ። ያፕም ዘንድ ሄደ፤ ይህን የነገረቻት የያፕ ሚስት ናት፣ ደውላ። «አንድ ሰው መጣ፣ ቆሞ አለቀሰ። ምን እንደምናደርገው አላወቅንም፤ ሻይ ሰጠነው» አለቻት። ኤልፍነሽ አመስግናት ዘጋች።

ጥር ላይ፣ ሥራ ቦታ ሳለች፣ ስልኳ ጮኸ።

«አገኘሁት» አለ ቃልአብ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። «አንዱን አገኘሁት። አንትወርፕ ያለ ሰው ነው። ባለፈው ወር ፈረንሳይ ወጥቶበታል፣ ሁለት ጊዜ። አሁን ቆርጦ ጣለው፤ ፎቶውን ልኮልኛል።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ገና አልተገኘም።»

«እንግዲያው ምን ብለህ ደወልክልኝ?» አለችውና ዘግታ ወደ ሸራዋ ተመለሰች።