ገንዳው እስኪሞላ

ሐሙስ ኖቬምበር 14 ቀን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ብራንዱር ከአውቶቡሱ ወረደ። መውረድ ከተባለ ነው። የወንድሙ ልጅ ኬቲል ከታች ብብቱን ይዞ፣ ሴት ልጁ ስቴይንቮር ከላይ የጋወኑን መቀነት ጨብጣ፣ እንደ ቁም ሳጥን ነው ያወረዱት።

“ቀስ በል አጎቴ፣ መሬቱ በረዶ ነው።”

“መሬቱን ካንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። እግሬ ነው የረሳው።”

መሬቱ የእሱ ነበር። ኮረብታው ላይ ያለው ቀይ ጣሪያ ቤት፣ ከቤቱ ሥር የሚፈላው ምንጭ፣ በጎረምሳነቱ ከአባቱ ጋር ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው ገንዳ፣ ሁሉም የእሱ ነበር። ጉልበቱና ልቡ ሲከዱት ሸጦት ከተማ ወዳለው የአረጋውያን መኖሪያ ገባ። የገዛው የጉብኝት ድርጅት ቤቱን የፎጣ መጋዘን አደረገው። ለገንዳው ደግሞ ማስታወቂያ አሠራለት፤ “ምሽትዎን በፍል ውሃ ውስጥ፣ ከሰሜን ብርሃን በታች” የሚል፤ በዚያ ሰሜናዊ አገር በክረምት ሌሊት ሰማዩ ላይ የሚዘረጋውን ባለ ቀለም ብርሃን ማለቱ ነው። አስጎብኚ ሲፈልግ ያገኘው ስቴይንቮርን ነው። እሷም ያደገችበትን ውሃ ለእንግዳ እያሳየች ደመወዝ ትበላ ጀመር።

ብራንዱር ከበጋ ጀምሮ የሚለምናት አንድ ነገር ብቻ ነበር። እዚያ ውሃ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ እስከ አንገቱ። ሐኪሙ “ልቡ አይችልም” ሲል ከረመ፤ በመጨረሻ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሮ “እንግዲህ ለአሥር ደቂቃ ከሆነ” አለ። ስቴይንቮር ለምን እንደፈቀደ ገባት፤ ሌላ አልጠየቀችውም። የገንዳው ቁልፍ እጇ የሚገባው እንግዳ በምትወስድበት ምሽት ብቻ ስለሆነ፣ አባቷን የገዛ ገንዳው ውስጥ ለማስገባት የነበራት መንገድ ከእንግዶቹ ጋር አሳፍራ ማምጣት ነበር።

የዚያን ምሽት እንግዶች ከማንችስተር የመጡ አሥራ ስምንት የጫማ ሱቅ ባልደረቦች ናቸው። መንገዱን ሙሉ ዘፍነዋል።

ነገሩ የተበላሸው ከመታጠቢያ ክፍሉ ነው። የቀዝቃዛው ውሃ ቧንቧ በረዶ ሆኗል። በዚያ አገር የሚጠፋው ሙቅ ውሃ አይደለም፤ ሙቁማ ከመሬት እየፈላ ይወጣል፤ የሚጠፋው ማብረጃው ነው። ስቴይንቮር ሻወሩን ስትከፍተው ድንች የሚቀቅል ውሃ ወረደ። ዘጋችውና ለድርጅቱ ኃላፊ ደወለች።

“በቃ ሳይታጠቡ ይግቡ” አላት። ሲያኝክ ይሰማታል። “ጨለማ ነው፤ ማን ያያል?”

“ገንዳው ማጽጃ መድኃኒት የለውም እኮ። ሰው ታጥቦ ስለሚገባበት ነው ንጹሕ የሆነው።”

“ስቴይንቮር፣ ትንበያው ከሦስት ሰዓት በኋላ ሰማዩ ይገለጣል ይላል። አስገቢያቸው፣ አውጫቸው፣ ብርሃኑን አሳያቸው። ኑሮን አታክብጂው።”

ዘጋባት። ጥርሷን ነክሳ ባልዲና ሳሙና ይዛ ወጣች። በልጅነቷ አባቷ እንደሚያደርገው ከገንዳው እየቀዳች፣ ሜዳ ላይ እያለቀለቀች ልታስገባቸው ነው።

“ልብሳችሁን አውልቃችሁ ሳሙና ትመታላችሁ፤ ከዚያ እኔ አፈስላችኋለሁ።”

“እዚህ? ሁላችንም?” አለ ዴሪክ የሚባለው ረጅሙ። “ሰኞ እኮ ሥራ ላይ እንተያያለን።”

ሳቁ። ሒሳብ ተቀባይዋ ዶሪን “እኔ ግድ የለኝም፣ ዴሪክ ይቅደምና” አለች፤ የባሰ ሳቁ። ስቴይንቮር ሁለተኛውን ባልዲ አምጥታ ስትመለስ አሥራ ስምንቱም እንደ ዳክዬ ውሃው ውስጥ ተደርድረዋል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ባልዲውን አስቀመጠችው።

ብራንዱር ከገንዳው ግርጌ፣ ውሃው ከሚፈስበት ጫፍ ያለው አግዳሚ ላይ በጋወኑ ተቀምጦ፣ ቆልማማ ከዘራውን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ያያቸዋል። ከመነሳታቸው በፊት መኖሪያው ውስጥ ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቧል፤ ነርሷ ለስቴይንቮር እየሳቀች ነግራታለች።

“ና አባዬ፣ ልያዝህ። ውሃው ዛሬ ጥሩ ነው።”

“ታጥበዋል?”

“ሙቀቱን ለክቼዋለሁ፤ ላንተ ይስማማል።”

“እሱን አልጠየቅሁሽም።”

አንዲት “አዎ” ብትል ያልቅ ነበር።

“ፀጉራቸው ደረቅ ነው” አለ። “ጆሯቸው ጀርባ ያለውን እግዜር ይወቀው።”

“አባዬ፣ አሥር ደቂቃ እኮ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ግባ።”

“የሰበካውን ልጆች በሙሉ ዋና ያስተማርኩት እዚህ ነው። ሳይፈተግ የገባ የለም። ቄሱን እንኳ ከደጅ መልሻቸዋለሁ።”

“ቄሱ ሞተዋል።”

“ታጥበው ነው የሞቱት።”

ደሟ ፈላ። ለዚህች ምሽት ሐኪም ለምናለች፣ ኃላፊ ለምናለች፣ ነርስ ለምናለች፤ አሁን ደግሞ የተለመነለት ሰው ራሱ ይለመን? ዴሪክ ከውሃው ውስጥ ጠራት።

“ብርሃኑ መቼ ነው የሚመጣው?”

“ደመናው ሲገፈፍ።”

“ካልተገፈፈስ?”

“ሌላ ቀን በነጻ ትመጣላችሁ።”

“ሌላ ቀን እኛ ማንችስተር ነን።”

ሌላ ቀን ስለሌለው ሰው እሷ ከዴሪክ የበለጠ ታውቅ ነበር። ግን ፈገግ አለች፤ ሥራዋ ነው። ስለ ደመናና ስለ ነፋስ፣ ብርሃኑ ለምን አረንጓዴ እንደሚሆን ታስረዳቸው ጀመር። እያስረዳች ወደ አባቷ አግዳሚ ሰርቃ ታያለች፤ አሥሩ ደቂቃ ሳይጀመር እያለቀ ነው።

ገንዳው ግርጌው ላይ፣ ከግድግዳው ውጭ በኩል፣ ሰንሰለት ያለው የእንጨት ውታፍ አለው። ብራንዱር ሰንሰለቱን በከዘራው ቆልማማ ጫፍ አጠመደና ሳበ። ኬቲል አየው። ምን እንደሆነ ባይገባውም ሽማግሌው ሲታገል ስላሳዘነው ቀርቦ አብሮት ሳበ። ውታፉ ወጣ።

በመጀመሪያ ማንም አላወቀም። እንፋሎቱ ወፍራም ነበር።

“ውሃው ቀነሰ ወይስ እኔ ረዘምኩ?” አለ ዴሪክ። ትከሻው ብርድ ላይ ነው።

“አንተ ከዚህ በላይ ወዴት ትረዝማለህ” አለች ዶሪን።

ስቴይንቮር ድምፁን ሰማች። ከግድግዳው ጀርባ ውሃው ወደ ወንዙ ሲንዶለዶል አባቷ ገንዳውን ለማጠብ የሚለቅበት የልጅነቷ የቅዳሜ ምሽት ድምፅ ነበር። እየተንሸራተተች ሮጠች። ውታፉን ልትመልሰው ብትገፋ የሚወጣው ውሃ ከእጇ እየነጠቀ መለሰባት። እጅጌዋ እስከ ክርኗ ራሰ።

“አባዬ፣ ምን አደረግህ?”

“ለቀቅሁት።”

“ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቃለህ?”

“እኔ ነኝ የሠራሁት። ጠዋት ሞልቶ ይገኛል።”

“አንተስ ኬቲል?”

“እኔ የታሰረ ነገር የሚፈታ መስሎኝ ነው” አለ ኬቲል።

እንግዶቹ እየተንቀጠቀጡ፣ ግማሾቹ እየሳቁ፣ ግማሾቹ እያጉረመረሙ በፎጣ ተጠቅልለው ወደ አውቶቡሱ ሮጡ። ስቴይንቮር ባዶው ገንዳ ጫፍ ላይ ቀረች። በማን ላይ እንደምትጮህ አላወቀችም።

“መጥረጊያው ከመታጠቢያ ክፍሉ በር ኋላ ነው” አለ ብራንዱር።

ከበሩ ኋላ ነበር፤ የራሱ አሮጌ መጥረጊያ። እሷና ኬቲል ቦት ጫማ አድርገው ገቡ። ለምን እሺ እንዳለች አታውቅም፤ አንዴ ከተበላሸ ምን ይሆናል ብላ ይሆናል። ወለሉን ይፈትጋሉ፤ እሱ ከአግዳሚው ላይ በከዘራው ይጠቁማል። ያን ጊዜ ደመናው ተከፈለ። አረንጓዴው ብርሃን ከኮረብታው ጀርባ ተነስቶ እስከ ወንዙ ማዶ ተዘረጋ፤ ጫፉ ሮዝ ነበር። ከአውቶቡሱ በኩል እልልታ የሚመስል ጩኸት መጣ። ኬቲል መጥረጊያውን ተደግፎ አንጋጠጠ።

“ወደ ላይ አትይ” አለ ብራንዱር። “ጥግ ጥጉን።”

“አጎቴ፣ ሰው ከዓለም ዳር የሚመጣው እኮ ይኼን ብሎ ነው።”

“ብርሃኑ ሰማንያ ዓመት ሙሉ መጣ። አንድ ቀን ሥራ አላገዘኝም።”

ሲጨርሱ ስቴይንቮር ውታፉን በመዶሻ መትታ መለሰችው። ከምንጩ የሚመጣው ውሃ ንጹሕ ድንጋይ ላይ በቀጭኑ መውረድ ጀመረ። ብራንዱር ጎንበስ ብሎ አየው። ደስ ብሎት ነበር። በከዘራው ተነሳና ጉዞ ጀመረ፤ ወደ አውቶቡሱ ግን አይደለም፣ ወደ ኮረብታው በሚወስደው ቀጭን መንገድ ነው።

“ወዴት ነው አባዬ?”

“ቤት ነዋ። ሲሞላ እንተኛና ጠዋት እንገባበታለን። መጀመሪያ የምገባው እኔ ነኝ።”

ስቴይንቮር እስካሁን እልህ ነው ብላ ስትናደድበት አምሽታለች። እሱ ግን ድሮ ቅዳሜ ማታ ያደርግ እንደነበረው ገንዳውን ለቆ፣ አስጠርጎ፣ አልጋው ወደሚጠብቀው ቤት መሄዱ ነበር።

ብራንዱር ጥቂት ተራመደና ቆመ። መብራት የሌለውን መስኮት አየ።

“አይ” አለ። “ፎጣ ነው ያለበት።”

ኬቲል ክንዱን ያዘው። “ና አጎቴ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ይሞቃል።”

ሲመለሱ ብራንዱር ከፊት ተቀምጦ ከጋወኑ ኪስ የደረቀ ዓሣ አወጣ፤ ከዋኘ በኋላ ሊበላው የያዘው ነው። ለዶሪን ቆርሶ ሰጣት። አኝካ አኝካ “ይኼንማ እናውቀዋለን” አለች፤ “የጫማ ሶል ነው።” አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ስቴይንቮር ስለ ብርሃኑ የምትናገርበትን ማይክ ወደ ማንጠልጠያው መለሰችው።

መኖሪያው በር ላይ ነርሷ ፀጉሩን ዳሰሰች።

“ደረቅ ነህ እኮ ብራንዱር። ውሃው ውስጥ አልገባህም?”

“ገና እየሞላ ነው” አላት።

በማግስቱ ስቴይንቮር ቁልፉን ለአንድ ሰዓት ብቻ ብላ ለመነች። ኃላፊው ስለ ባዶው ገንዳ ባይቆጣም፣ ለቅዳሜ ምሽት ቡድን አለ ብሎ ከለከላት። ቅዳሜ ብራንዱር ሳል ጀመረው። እሑድ ሳሉ ወደ ደረቱ ወረደ፤ ሐኪሙም ስለ ውሃ ማውራቱን ተወ። ከማንችስተር አስተያየት መጣ። ምሽቱ ግሩም እንደነበር፣ በተለይ ገንዳውን የሚያስጠርገው ሽማግሌ ተዋናይ በጣም እንዳሳቃቸው ጽፈዋል።

ብራንዱር ማክሰኞ ዲሴምበር 3 ንጋት ላይ ሞተ። ገንዳው ዓርብ ኖቬምበር 15 ጠዋት፣ ኬቲል ለድርጅቱ ፎጣ ሊያደርስ ሲሄድ፣ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር።