«የገደሉ ጉም» በቢራ ካርቶን ላይ

ይህ ታሪክ ውሸት ከሆነ ያባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ። ከዚህ በላይ ምን ልማል? ሞሎካይ ደሴት ላይ፣ እኛው ሸለቆ ውስጥ የሆነ ነው። አብዛኛውን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ያላየሁትንም ካየ ሰው ሰምቻለሁ፤ ያ ሰው ደግሞ ዋሽቶ የሚያውቀው ሚስቱን ብቻ ነው።

ማኮአን መከራ ውስጥ የከተተው አፉ ነው። ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተተ ሲጫወት በእርግጥ ያስለቅሳል። ነገር ግን «በስቲል ጊታር የደሴቱ አንደኛ እኔ ነኝ» ማለቱን አይተውም። ሁለተኛው ማን ነው ሲሉት «ገና አልተወለደም» ይላል።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አክስት ሂናኖ በሩ ላይ ቆመው ለሰው ሁሉ ይናገራሉ።

«ቅዳሜ ሰማንያ ዓመት ይሞላኛል። ስጦታ እንዳታመጡብኝ፤ የት አባቴ አደርገዋለሁ? የባሌን ዜማ፣ ‹የገደሉ ጉም›ን፣ ልክ እንደ እሱ አድርጎ የሚጫወትልኝ ከተገኘ ግን ጊታሩን ይውሰድ። ካልተገኘ ሆቴሉ ጠይቆኛል፤ ግድግዳው ላይ፣ ከፕላስቲኩ ዓሣ ጎን ይስቀለው።»

ማኮአ ይህን ጊታር ከልጅነቱ ጀምሮ ተመኝቶታል። ከኮአ እንጨት የተጠረበ፣ ማር የመሰለ ጊታር ነው። ከፕላስቲክ ዓሣ ጎን ተሰቅሎ ታየውና ሰውን ገፍቶ ወደ ፊት ወጣ።

«አክስቴ፣ ለዚህ ነው የሚጨነቁት? ዓይኔን ጨፍኜ እጫወትልዎታለሁ!» አለ።

«አንተ ዓይንህን ጨፍን፤ እኛም ጆሯችንን እንደፍናለን» አለች ሚስቱ ናላኒ። ምእመኑ ሳቀ።

ማኮአ ግን ዜማውን አያውቀውም። ማንም አያውቀውም። የሂናኖ ባል ነፍሳቸውን ይማርና ካዌና ከድሮዎቹ ሰዎች ነበሩ። ሲጫወቱ ለሰው ጀርባቸውን ይሰጣሉ። ሽንታቸውን ሊሸኑ ብድግ ቢሉ እንኳ፣ ቅኝታቸው እንዳይሰረቅ ስድስቱንም ክሮች አላልተው ነው ጊታሩን የሚያስቀምጡት። በእኛ አገር ሚስቱን ለጎረቤት አምኖ ባሕር የሚወርድ ሰው፣ ቅኝቱን ለወንድሙ አያምንም።

ማኮአ መጀመሪያ ስልኩን ከፈተ። በረዶ አገር የሚኖር አንድ ሰው የዜማውን ታብላቸር ለቆት አገኘ፤ ብረቱ በየትኛው ክር የት ላይ እንደሚያርፍ በቁጥር የተጻፈበት መሆኑ ነው። ሲጫወተው ዝሆን ሰርከስ ውስጥ የሚገባበት ዜማ ሆነ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። ካዌና ለሰው ጀርባቸውን ከሰጡ ፊታቸውን ለማን ሰጡ? ከኋላቸው ትልቁን ክራር መሳይ ቤዝ የሚመቱት አጎት ሎፓካ ነበሩ! እየሮጠ ሄደ። ሎፓካ ጀልባቸው አጠገብ መረብ ያጥፋሉ።

«አጎቴ፣ ዓሣ ሊያጠምዱ ነው?»

ወዲያው ምላሱን ነከሰ። እኛ ዘንድ ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ይህን አይልም፤ ዓሣ ይሰማል። «ልንሸራሸር ነው» ነው የሚባለው።

ሎፓካ መረቡን መሬት ላይ ወረወሩት። «አንተ አፈ ሰፊ! ሰሙህ እኮ! ይሄኔ አንድ ሳይቀሩ ወደ ጃፓን እየነጎዱ ነው!» ሲሉ ጮኹ። ከማኮአ ያልሰማ ዓሣ ቢኖር ከእሳቸው ሰማ። በወጣትነታቸው በድማሚት ሲያጠምዱ ጆሯቸውን ለባሕር ገብረዋልና ዝግ ብሎ መናገር አያውቁም።

«ይማሩኝ! የካዌናን ዜማ ፈልጌ ነው የመጣሁት!» ብሎ ጆሯቸው ሥር ጮኸ።

«እንግዲህ ቀኔን ገድለኸዋል፤ ና ግባ።»

ከአልጋቸው ሥር የቢራ ካርቶን አወጡ። ጀርባው ላይ ስድስት መስመር፣ መስመሩ ላይ ቁጥር፣ ቁጥሩ ላይ የበረሮ ኩስ።

«እኔ የሚጫወተውን አልሰማ። ፊቱ ተቀምጬ ምን ልሥራ? ብረቱ ያረፈበትን እያየሁ ጻፍኩ። አንዲት አላጎደልኩም።»

«ቅኝቱስ?»

«ቅኝት በዓይን ይታያል እንዴ፣ አንተ ደንቆሮ?» አሉ ደንቆሮው ሰውዬ።

ቅኝቱን የሰጠችው ወፍ ናት። በአክስት ሂናኖ ማንጎ ዛፍ ላይ የሰማችውን የምትደግም አንዲት ያረጀች ማይና አለች። ካዌና በየማለዳው ሲቃኙ ስትሰማ ኖራ፣ እሳቸው ከሞቱ በኋላም ስድስቱን ድምፅ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ በተራ ታፏጫለች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ፣ ያ ክር ያስቸግራቸው ስለነበር፣ የካዌናን ስድብ ትሳደባለች። ማኮአ ከዛፉ ሥር ጋደም ብሎ ጊታሩን በወፏ ቃኘ።

ከዚያ ካርቶኑን ዘርግቶ ተጫወተ። ጉድ ፈላ! ዜማው በደህና ይነሳና መሐል ላይ ያነክሳል። ብረቱ ተንሸራቶ የሆነ ቦታ ይጠፋል፤ ቆይቶ እንደ ሰካራም አባወራ አጥር ዘሎ ይመለሳል። ለቅዳሜ ድግስ የታሰረው አሳማ ገመዱን በጥሶ ገደል ገባ፤ ሌላ አሳማ ተገዛ።

«ከደንቆሮ ምን ይጠበቃል!» አለ ማኮአ። ያነከሰውን አቃና፣ የጠፋውን መለሰ። ዓርብ ላይ ዜማው ወለላ ሆነ።

ቅዳሜ ሸለቆው ሁሉ ተሰበሰበ። አሳማው ከጉድጓዱ፣ ከጋለው ድንጋይ ውስጥ ወጣ፤ የጎደሬው ገንፎ፣ ፖዩ፣ ቀረበ። የሆቴሉ ሰውዬም አበባማ ሸሚዝ ለብሶ መጥቷል፤ ሚስማር እንኳ ሳይዝ አልቀረም። ማኮአ ተጫወተ። ሴቶቹ አለቀሱ፤ ናላኒ እንኳ መሳቋን ረሳች።

አክስት ሂናኖ ፖያቸውን በጣታቸው እየዛቁ፣ «ያምራል» አሉ። «የማን ዜማ ነው?»

የሆቴሉ ሰውዬ ብድግ አለ።

ማኮአ ሰውዬውን አየ፤ ጊታሩን አየ። ስሙና ጊታሩ ሚዛን ላይ ተቀመጡ። የደሴቱ አንደኛ ሆኖ ባዶ እጁን ይግባ፣ ወይስ በአገር ፊት ይዋረድ? የሚስማሩ ነገር ወሰነለት። ካርቶኑን ከሣጥኑ አወጣና እንዳለ፣ ከነስብራቱ ተጫወተው።

ውሾች አላዘኑ። ልጆች ጠረጴዛ ሥር ገቡ። «ልክ ነው፣ ልክ ነው» እያሉ አንገታቸውን የሚነቀንቁት ብረቱን የሚያዩት ሎፓካ ብቻ ነበሩ። አክስት ሂናኖ ግን ተነሡ። በሰማንያ ዓመታቸው እጃቸውን እንደ ማዕበል እያወዛወዙ ጨፈሩ፣ እንባቸው እየወረደ።

«አሁን ይስታል፤ ይኸው ሳተ! አሁን ደግሞ ብረቱ ያመልጠዋል! ወይ ካዌናዬ!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ካዌና ለምን ጀርባ እየሰጡ ይጫወቱ እንደነበር ያን ጊዜ ገባቸው። ግን በልደት ቀን እንዲህ ያለ ነገር አይወራም፤ አሳማቸውን በሉ።

ማኮአ ጊታሩን ወሰደ። በየእሑዱ በረንዳቸው ላይ ያንኑ ዜማ ሊጫወት አክስት ሂናኖ ቃል አስገቡት፤ አንዲት ስሕተት ቢያቃና ጊታሩ ይመለሳል። መንገደኛ ሁሉ ይሰማዋል። «አሁንም አንደኛ ነህ» ትለዋለች ናላኒ፣ «ከታች ስንቆጥር።» እሱም ጊታሩን አቅፎ ዝም ይላል። ማኮአ ዝም ሲል ያየነው ያኔ ነው።

ስለማልኩ አንዲት ነገር ላርም፤ ወፏን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ቅኝቱን የነገሩት ራሳቸው አክስት ሂናኖ ናቸው። ማኮአ ሄዶ ጠየቃቸው፤ ነገሩት። ያን ሁሉ ዘመን ከእሱ በፊት የጠየቃቸው አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ብጽፍ ግን ማን ያምነኛል? ወፏ ትሻላለች።