ከቀለሙ በታች ያለችው ሱግና

ዳፑ የሠዓሊውን የናንድራምን በር ያንኳኳችው ልጇ ሱግና በወባ ከሞተች በኋላ ነው። የሱግና ፎቶግራፍ የላትም። የልጇ መልክ ከዓይኗ እየሸሸባት ነበር፤ አገጯ ላይ ያለው ጠባሳ በቀኝ ይሁን በግራ ትናንት ጠፋባት። ሱግና ደግሞ ለናንድራም ተቀምጣ በእርሳስ ተስላ ነበር።

«ወንድሜ፣ ያንን የእርሳሱን ስጠኝ» አለችው።

«አርፋ የማትቀመጠዋን? ቀና በይ ስላት በመስኮት ከአትክልት ሻጩ ጋር ትሰዳደብ ነበር እኮ!» ብሎ ሳቀና ፊቷን ሲያይ ሄዶ ሣጥኑን ከፈተ።

ከሣጥኑ አንድ ሥዕል አወጣ። የሂንዱዋ አምላክ ራዳ በፍቅረኛዋ፣ በሰማያዊው አምላክ በክሪሽና አጠገብ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ እስከ ጆሮዋ የተሳበ፣ አፍንጫዋ እንደ በቀቀን መንቁር የሾለ።

«ይቺማ ልጄ አይደለችም።»

«ልጅሽ ከሥር ናት። መጀመሪያ ሴቲቱን እንዳለች በእርሳስ እስላለሁ። ከዚያ ነጭ ቀብቼ ራዳን ከላይ አወጣለሁ። ጠባሳ ያላትን አምላክ ማን ይገዛኛል?»

«ሌሎቹ የእርሳስ ሥዕሎቿስ?»

«በዳቦ ፍርፋሪ አጠፋኋቸው፤ ወረቀቱን ለሌላ ሥራ ፈለግሁት።» አንገቱን ደፋ። «ይሄን ውሰጂው፣ እህቴ።»

ዳፑ ሥዕሉን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቤቷ ገባች። የቤቷን ግድግዳ በየዓመቱ ለዲዋሊ በዓል ኖራ ትቀባዋለች። ሱግና በልጅነቷ ቀይ ቀለም ነክራ ያተመችው መዳፍ ከኖራው ሥር አለ፤ ግድግዳውን ውኃ ሲነካው ብቅ ይላል። የሠዓሊውም ነጭ ቀለም እንደዚያው ውኃ ሲነካው ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ መሰላት።

የሻሿን ጫፍ አርጥባ፣ የሕፃን ፊት እንደምትጠርግ በቀስታ ጠረገች። የራዳ ትልቅ ዓይን ለቀቀ። ቀጥሎ ነጩ ለቀቀ። ከሥሩ አንድ ግራጫ መስመር ታየ፤ አፍንጫ፣ ከንፈር። ሱግና ናት! አገጯን ለማየት ትንሽ ጨመረችበት። የራሰው ወረቀት እንደ ሊጥ ላልቶ ከነመስመሩ ከሻሿ ጋር መጣ።

ጎረቤቷ ኬሲ የዳፑን ጩኸት ሰምታ ሮጣ ገባች።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ኬሲ፣ የሱግናዬ ጠባሳ በየት በኩል ነበር?»

ኬሲ የተቀደደውን ወረቀት አየች፤ እርሷንም አየች።

«ጠባሳ ነበራት እንዴ?» አለቻት።